አለህ?

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገርህ ሞተ መሰለኝ» አሉኝ በስልክ።

ሰኔ ነበር፤ በጀት ሊዘጋ ሁለት ሳምንት የቀረው ሰኔ። ደዋይዋ በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ደመወዝ ሲሠሩ የኖሩ፣ ጡረታቸው የተቃረበ ሴት ናቸው። ሞተ ያሉት እኔ የጻፍኩላቸውን የኤክሴል ማክሮ ነው። አልሞተም ነበር። በኋላ ፋይሎቹ የተቀመጡበትን ሰዓት አይቼ እንደተረዳሁት፣ እሳቸው ስልኩን ባነሡበት ደቂቃ አሥራ አንደኛውን ክፍል ጨርሶ ወደ አሥራ ሁለተኛው እየተሻገረ ነበር። ከመቼውም ይልቅ በርትቶ ይሠራ ነበር፤ የሞተ ያስመሰለውም ያው ብርታቱ ነው።

ማክሮ ማለት ሰው በኤክሴል ላይ በእጁ የሚደጋግመውን ሥራ አንዴ በትእዛዝ መልክ ጽፎ ለማሽኑ የሚሰጠው ነው። የእኔው 23 የክፍል ፋይሎችን በየተራ ይከፍታል፤ የ1,800 ሰው ግድም ትርፍ ሰዓትና ውዝፍ ይደምራል፤ ግብሩን እንደየደረጃው፣ ጡረታውን ከሠራተኛው 7 ከአሠሪው 11 በመቶ እያሰላ ያስቀምጣል፤ ፋይሉን ሴቭ አድርጎ ይዘጋና ወደሚቀጥለው ያልፋል። ከአንድ ረዳት ጋር ሁለት ቀን ይፈጅባቸው የነበረውን ወደ ስድስት ደቂቃ አውርጄላቸው ስለነበር ኮራ ኮራ ብሎኝ ነበር። ስድስት ደቂቃ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። ስጽፈው የሞከርኩት በአሥር ሰው ስም ነበርና ዐይኔን ሳልገልጥ ያልቅ ነበር።

ማክሮ የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ ከሚማራቸው ብልሃቶች አንዱ የማሽኑን ዐይን መጨፈን ነው። ኤክሴል አንድ ሴል በተለወጠ ቁጥር ስክሪኑን እንደገና ልሣል ካለ ጉልበቱ በመሣል ያልቃል፤ ስለዚህ «ስክሪን አፕዴቲንግ» የሚባለውን ያጠፉታል፣ ሥራው ሲያልቅ መልሰው ያበሩታል። እውነትም ይፈጥናል። ከውጭ ሆኖ ለሚያይ ሰው ግን የሚታይ ነገር አይኖርም። ዊንዶውስ ደግሞ የራሱን ይጨምርበታል። አንድ መስኮት ለአምስት ሰከንድ ያህል የተላከለትን መልእክት ሳያነሣ ከቆየ፣ ዊንዶውስ በላዩ የመስኮቱን ግልባጭ ያቆምበታል፤ ገጹ ይነጣል፤ አናቱ ላይ «ኖት ሪስፖንዲንግ» ተብሎ ይጻፋል። ሠሪዎቹ ራሳቸው ይህን ግልባጭ «የመንፈስ መስኮት» በሚል ስም ነው የሚጠሩት፤ የሙት መንፈስ ለማለት ነው። ጎንበስ ብሎ በሚሠራ ሰው ላይ መግነዝ እንደመጣል ያለ ነገር።

«ይተዉት፣ አይንኩት» ከማለቴ በፊት ሴትዮዋ የማጥፊያውን ቁልፍ ተጭነው ይዘውት ነበር። አብርተው ከመጀመሪያው አስነሡት፤ በዚህኛው ዙር ጥርሳቸውን ነክሰው እስኪያልቅ ጠበቁ። ነገር ግን አሥራ አንዱ ክፍል በፊተኛው ዙር ውዝፉ ተደምሮለት ተቀምጦ ነበርና በሁለተኛው እንደገና ተደመረለት። ለባንክ የሚላከው ዝርዝር ከመውጣቱ በፊት ድምሩ አልገጥም ብሎ ተያዘ እንጂ፣ በዚያ ወር የመሥሪያ ቤቱ እኩሌታ አንዱን ውዝፍ ሁለቴ በልቶት ነበር። «ጥፋቱ የኔ ነው» ሲሉ ሰማኋቸው ለአለቃቸው። ጥፋቱስ የኔ ነበር። ቆሜ እየሰማሁ ግን ወዲያው አላልኩም።

ስልክ ስናወራ ማዶ ያለው ሰው ድንገት ዝም ካለ «ምን እያደረግክ ነው?» አንልም፤ «መቼ ትጨርሳለህ?»ም አንልም። «አለህ?» ነው የምንለው። እሱም «አለሁ» ይላል፤ ወሬው ካቆመበት ይቀጥላል። እንዴት ሰነበትክ ለተባለም መልሱ ያው «አለሁ» ነው። ይህች ቃል ደህና ነኝ አትልም፤ ታምሜያለሁም አትልም፤ የምትሰጠው ተስፋ የለም፤ ቀጠሮም የላትም። ከሰው መኖር በቀር የምትመሰክረው ነገር የለም። ሴትዮዋ ያን ቀን የደወሉት ለእኔ አልነበረም ብል ይሻላል። የደወሉት ለማክሮው ነው፤ «አለህ?» ብለው የሚያንኳኩበት ሌላ በር ስላጡ በእኔ በኩል ዞሩ።

የመጠበቂያዋ ክብስ እየተሽከረከረች አልነበረም ወይ የሚል ይኖራል። ትሽከረከር ነበር። እሷን የሚያሽከረክራት ግን ዊንዶውስ ነው፤ ማክሮው አይደለም። ፕሮግራሙ እየሠራ ይሁን ፍግም ብሎ ይቅር፣ የእሷ ዙረት አይለወጥም። ሰው ባይኖርበትም ማታ ማታ በራፉ ላይ አምፖል የሚበራ ቤት አለ፤ ጎረቤት ያንን አይቶ አሉ ብሎ ቢያንኳኳ የሚከፍትለት አያገኝም። ሴትዮዋ ይህን ያውቁ ነበር ማለቴ አይደለም። ባያውቁትም አላመኗትም፤ ልክም ነበሩ።

የመጀመሪያው መፍትሔዬ ለወጉ የተደረገ ነበር። ማክሮው ሲነሣ «እባክዎ ይጠብቁ» የሚል ጽሑፍ እንዲያወጣ አዘዝኩት። ኮዱ ውስጥ በአማርኛ ጻፍኩት፤ ስምንት የጥያቄ ምልክት ሆኖ ቁጭ አለ። አራት፣ ክፍት ቦታ፣ እንደገና አራት። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ የኤክሴል ሴልም በደንብ ይቀበለዋል። የማክሮው መጻፊያ ግን አሁንም ፊደላችንን አያውቀውም፤ ያላወቀውን ሁሉ በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። መላው የታወቀ ነው፦ አማርኛውን በአንድ የተደበቀ ሺት ሴሎች ውስጥ አስቀምጦ፣ ማክሮው ከዚያ እያነበበ እንዲያሳይ ማድረግ። እንዲያ አደረግኩ። ቢሆንም ያቺ ስምንት ጥያቄ ምልክት ካሰብኩት በላይ እውነተኛ ነበረች እላለሁ፤ ለሚጠብቅ ሰው «ይጠብቁ» ማለት ጥያቄ እንጂ መልስ አይደለምና።

አሳየኋቸው። ከኤክሴል ግርጌ በስተግራ «ሬዲ» የሚለው በሚጻፍበት ጠባብ መስመር ላይ ነበር ያወጣሁት፤ ስታተስ ባር ይሉታል።

«ማን ወደ ታች ያያል?» አሉ በመጀመሪያ። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱና አነበቡት። «ስንት ልጠብቅ?»

እዚህ ላይ ዝም አልኩ። ያቺ ጽሑፍ ስንት ደቂቃ እንደምትል ቀርቶ ማክሮው መኖሩንም አትናገርም። በመነሻው ላይ አንዴ ተጽፋ ቀርታለች፤ ማክሮው በሁለተኛው ሰከንድ ቢሞትም «እባክዎ ይጠብቁ» እያለች መኖሯ ነው። መሥሪያ ቤት ለጉዳይ የሄደ ሁሉ ዘመዷን ያውቃታል፦ «ጉዳይዎ በሂደት ላይ ነው»። ማን ጠረጴዛ ላይ? ምን ጎድሎት? ከስንት ቀን ጀምሮ? ጨዋ ናት፤ «እባክዎ» ትላለች፤ ግን ጨዋነቷ የሚያገለግለው የሚያስጠብቀውን ሰው ነው። ባንክ ቤት የሚነገረውን «ሲስተም የለም» የሚያህል ሰውን የሚያናድድ ቃል እንደሌለ ይታወቃል፤ ለኔ ግን ከሁለቱ እሱ ይሻላል። ሲስተም ከሌለ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ። በሂደት ላይ ያለ ጉዳይ ግን በር ላይ አስሮ ያውልሃል።

ስለዚህ ማክሮው በመሐል እየደጋገመ እንዲናገር ማድረግ ነበረብኝ። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም እሱ ነው። ማክሮ አንድ እጅ እንጂ ሁለት የለውም። ሲያሰላ አይናገርም፤ ሲናገር አያሰላም። «እየሠራሁ ነው» ለማለት ሥራውን ማቆም አለበት። በእያንዳንዱ ሠራተኛ ስም ላይ እያቆመ እንዲናገር ባደርገው ስድስቱ ደቂቃ ወደ ዘጠኝ ተጠጋ። ሲሦው ጊዜ «አለሁ» በማለት አለቀ ማለት ነው። እንዲህ ዐይነት ሠራተኛ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሪፖርቱ ከሥራው የሚበልጥ።

መናገሩ ብቻም አይበቃም። ዊንዶውስ መስኮቱ ላይ መግነዙን እንዳይጥልበት «ዱ ኢቨንትስ» የምትባል ትእዛዝ ጣል ታደርጋለህ፤ ትርጉሟ ባጭሩ «ቀና በልና ደጅ የቆመውን አስተናግድ» ነው። ደጁ ሲከፈት ግን የሚገባው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ሴትዮዋ በዚያች ክፍተት ያንኑ ቁልፍ ደግመው ቢጫኑት ማክሮው በራሱ ሆድ ውስጥ ሁለተኛ ማክሮ ያስነሣል፤ ውዝፉ እንደገና ሁለቴ። ስለዚህ በሩን ከመክፈትህ በፊት ቁልፉን መሸሸግ አለብህ። ለመታየት ብሎ ራስን ማጋለጥ ዋጋ አለው፤ ዝም ብሎ ጎንበስ ያለ ሠራተኛ ሁሉ ክፉ አይደለም፤ አንዳንዱ ቀና ካለ የሚያቋርጠውን ያውቃል።

መውጫውን ያገኘሁት ከኮምፒውተር መጽሐፍ አልነበረም። አንድ እሑድ እናቴ ቡና ስታፈላ ተቀምጬ ነበር። ቡናው ምጣዱ ላይ እየተገላበጠ ሳለ አትናገርም፤ ዐይኗም ከምጣዱ አይነሣም፤ አንዴ ከተዘናጋች ያርርባታል። ቆልታ ስትጨርስ ግን ምጣዱን ከእሳቱ አንሥታ፣ ጭሱ እንደተትጎለጎለ ይዛ በየተቀመጥንበት ዞረች። እያንዳንዳችን ጭሱን በእጃችን ወደ ፊታችን ሳብ ሳብ አደረግን። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አይቼዋለሁ፤ እንደ ሥርዓት እንጂ እንደ መልእክት አስቤው አላውቅም። መልእክት ነው። ቆላሁ፣ አላረረም፣ አሁን ልወቅጥ ነው ማለት ነው። የምትነሣው ደግሞ ሥራው ራሱ መገጣጠሚያ ላይ ሲደርስ ነው፤ ምጣዱ ቢያንስ ከእሳት መውረዱ ላይቀር። ከዚያ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ከመቶ ስንት እንደደረሰ የነገረን የለም፤ ግን በረካ ላይ ደርሶ ያልገባው፣ ጫማውን በዐይኑ ያልፈለገ እንግዳ አይቼ አላውቅም።

ማክሮዬም መገጣጠሚያ ነበረው። አንዱን ክፍል ዘግቶ ሌላውን ከመክፈቱ በፊት ያለችው ቅጽበት። 1,800 ጊዜ ከመናገር 23 ጊዜ ቢናገር ጊዜው ወደ ስድስት ደቂቃ ይመለሳል፤ በዚያች ቅጽበት ቢቋረጥም የተጀመረ ፋይል በእጁ የለም። እንዲያ አደረግኩት። ግን ምን ይበል?

እንደ ማንኛውም የዘመኑ ሰው መጀመሪያ የመጣልኝ መቶኛ ነው። ትንሽ ፎርም ሠርቼ፣ በውስጡ እየረዘመ የሚሄድ ሰማያዊ መስመር፣ ከመስመሩ በላይ ቁጥር። የዚህ መስመር ታሪክ እንደሚያስደስት ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. በ1985 በቶሮንቶ ተማሪ የነበረው ብራድ ማየርስ 48 ሰዎችን የመረጃ ፍለጋ አሠርቶ፣ አንዴ ከመስመሩ ጋር አንዴ ያለ መስመሩ ቢያስሞክራቸው 86 በመቶው መስመሩ ያለበትን ወደዱ። ጊዜውን ያሳጠረላቸው አልነበረም። ከሃያ ዓመት በኋላ ደግሞ ክሪስ ሃሪሰንና ባልደረቦቹ፣ መጨረሻው ላይ እየፈጠነ የሚሄድ መስመር ያየ ሰው ያንኑ ያህል ጊዜ ጠብቆም አጭር እንደሚመስለው አሳዩ፤ በላዩ ላይ ወደ ኋላ የሚንሸራተት ሽንትር ከተሣለበት እስከ 11 በመቶ ያህል ያጠረ እንደሚመስልም ጨመሩበት። ፈረንሳዊው በርግሶን እ.ኤ.አ. በ1907 መጽሐፉ ስኳር ውሃ ውስጥ እስኪሟሟ መጠበቅን አንሥቶ፣ ያ የምንጠብቀው ጊዜ በሒሳብ ሊዘረጋና ሊሰበሰብ የሚችል እንዳልሆነ፣ ከእኛው ትዕግሥት ማጣት ጋር አንድ እንደሆነ ያስተምር ነበር። የመስመሩ ሠሪዎች እንግዲህ ስኳሩን ትተው በትዕግሥት ማጣታችን ላይ ነው የሠሩት።

እኔንም ፈተነኝ፤ አልዋሽም። መስመሩን ከሥራው ጋር ሳላያይዘው በሰዓት ብቻ እንዲሄድ፣ ወደ መጨረሻው ፈጠን እንዲል ማድረግ ቀላል ነበር። የተውኩት በጨዋነት ብቻ አይደለም። ታክሲ ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ሲጣራ ሮጠው የገቡ ሰዎች ታክሲው ውስጥ አራት ባዶ ወንበር ሲያዩ የሚያሳዩትን ፊት ስለማውቅ ነው። ካፌ ውስጥ አስተናጋጁን ስንጠራው «መጣሁ!» ብሎ ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል። መጣሁ። ያለቀ፣ የተፈጸመ ግሥ ነው፤ ሰውዬው ግን ገና እየራቀ ነው። ከአልጋው ሳይወርድ «ደርሻለሁ» የሚል ወዳጅም አለኝ። ቋንቋችን ገና ያልሆነውን እንደሆነ አድርጎ ለመናገር ይመቻል፤ በመካከላችን ስለምንተዋወቅ «መጣሁ» የሚለውን «ሰምቼሃለሁ» ብለን እንተረጉመዋለን። ማሽን «መቶ በመቶ» ሲል ግን ማንም አይተረጉምለትም።

ሐቀኛ መቶኛም ቢሆን ችግር አለበት፤ ከምኑ መቶ? ክፍሎቹን ብቆጥር አሥራ አንዱ ሲያልቅ 48 በመቶ ይላል፤ ትልቁና ፋይሉ የከበደው ክፍል ግን መጨረሻ ላይ ነውና 96 ላይ ደርሶ ተገትሮ ይቀራል። ሰዎቹን ብቆጥር ያሻሽለዋል፤ ግን ውዝፍ ያለበት ሰው ከሌለበት ይበልጥ ጊዜ ይወስዳል። መቶኛ ያለፈውን የሚቆጥር ይመስላል፤ የሚያወራው ግን ስለሚመጣው ነው፤ የቀረው ካለፈው ጋር እኩል ይሄዳል የሚል የተደበቀ ቃል ኪዳን አለበት። ይህን እንደ ሕዝብ ተምረነዋል። የሕዳሴው ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጥሎ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እስኪመረቅ ድረስ ከአሥራ አራት ዓመት በላይ መቶኛ ስንሰማ ነው የኖርነው። ለግድቡ ቦንድ ከደመወዝ ሲቆረጥ የቆረጡት እኚሁ ሴትዮ ናቸው፤ ዜናውን ከኔ ይልቅ ይከታተሉት ነበር። አንዳንዴ የሲቪል ሥራው አንድ ቁጥር፣ የኤሌክትሮ ሜካኒካሉ ሌላ ቁጥር፣ ጠቅላላው ሦስተኛ ቁጥር ይሆናል፤ ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል። ሰው ልቡ የዳነው ግን ውሃው ሲተኛና፣ የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያው ተርባይን መብራት ሲሰጥ ነው። ያኔ ከመቶ ስንት ነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው አላስታውስም።

መስመሩን ሠርቼ ሰጠኋቸው። በማግስቱ ሌላ ጥሪ። «አሁንስ ጨርሶም እየሠራሁ ነው ይላል!» ፎርሙ ተዘግቷል፤ እኔ ግን በግርጌው ስታተስ ባር ላይም ቁጥሩን ጽፌ ኖሮ፣ ሲያልቅ መስመሩን ለኤክሴል መመለስ ረስቻለሁ። ማክሮ ስታተስ ባሩን ከያዘ በኋላ ካልለቀቀው የመጨረሻው ቃሉ እዚያው ይቀራል። ቀኑን ሙሉ ደብዳቤ ሲጽፉ፣ ዝርዝር ሲያትሙ፣ ከታች «96 በመቶ» ይላቸዋል። ማን ወደ ታች ያያል ያሉት ሴት አሁን ከዚያች ጥግ ዐይናቸውን መንቀል አልቻሉም። ሕንፃው አልቆ ሰው ገብቶበት «ለሚደርሰው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» የሚለው ሰሌዳ አጥሩ ላይ እንደሚቀረው ነው። መናገር የጀመረ ሰው ዝም ማለትንም ማወቅ አለበት፤ እኔ በአንድ መስመር ኮድ አስተካከልኩት፤ እሳቸው ግን ለወራት «አልቋል አይደል?» እያሉ ይደውሉ ነበር።

ሁዳዴ ላይ ነበር መቶኛውን የተውኩት። ሴትዮዋ ጿሚ ናቸው። ማክሮውን ላስተካክል በሄድኩበት ቀን ለሌላዋ ሠራተኛ «ደብረ ዘይት ደረሰ እኮ፣ ከዚህ በኋላማ ቁልቁለት ነው» ሲሉ ሰማሁ። ሃምሳ አምስት ቀን ያለ ቁጥር ይሄዳሉ፤ የያዙት ስም ነው፦ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መጻጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሳዕና። በጣቴ ቆጠርኩት፤ ደብረ ዘይት እሑድ ሃያ ስምንተኛው ቀን ላይ ይውላል፤ ሃያ ሰባት በፊት፣ ሃያ ሰባት በኋላ። ልክ መሐሉ። ያንን በመቶኛ ቢነግሯቸው ቁልቁለት አይሆንላቸውም ነበር።

ማክሮው እንግዲህ የክፍሉን ስም ብቻ እንዲናገር አደረግኩት። መስመሩም ቁጥሩም ወጣ። በመካከለኛ ፎርም ላይ፣ ተለቅ ባለ ፊደል፦ «ጥበቃ ተጠናቋል። ትራንስፖርት ተጀመረ።» ተጠናቋል የሚለው ፋይሉ በእርግጥ ከተቀመጠ በኋላ ብቻ እንዲወጣ ተጠነቀቅኩ፤ ከ«መጣሁ» እንዲለይ።

ያን ወር አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አየሁ። ስም በወጣ ቁጥር ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። «ጥበቃዎቹ... አዎ፣ የሌሊት አላቸው፣ ይቆያል።» ቆየም። «ጽዳት... እነሱ ቶሎ ነው።» ሃያ ዓመት በእጃቸው የሠሩት ደመወዝ ነውና የትኛው ክፍል ከባድ እንደሆነ ከኔ ማክሮ በፊት ያውቁ ነበር። መስመሩ ሊነግራቸው ያልቻለውን እሳቸው ከስሙ አነበቡት፤ ሲቆይ አልደነገጡም፤ ሊቆይ የሚገባው ሰው ጋ ነበርና የቆየው። ሻያቸው አጠገባቸው ቀዘቀዘ።

አሥራ ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ብድግ አሉ።

«ይሄ ክፍል እኮ አምና ታጥፏል!»

ታጥፏል፤ ሰዎቹም ወደ ሌሎች ክፍሎች ተበትነዋል። ፋይሉ ግን ማኅደሩ ውስጥ ቀርቶ፣ ማክሮዬ በየወሩ እየከፈተ፣ እያሰላ፣ እየዘጋ ነበር። ያለው ስም ሁሉ አበሉ ዜሮ የሆነ ሰው ስለነበር ድምሩን አላዛባም። አንዱ ላይ ትንሽ ውዝፍ ቢቀመጥበት ኖሮ ግን ለሌለ ክፍል ደመወዝ እንከፍል ነበር። መልእክቱን የጻፍኩት ሴትዮዋን ላረጋጋ ነው። እሳቸው ግን እንደ ተረጋጋ ሰው አልተቀበሉትም፤ እንደ አለቃ ነው የተቀበሉት። ያን ጊዜ ነው ስክሪኑን ስጨፍን የወሰድኩባቸው ምን እንደሆነ የገባኝ። ጊዜያቸውን ሰጥቻቸው ዐይናቸውን ወስጄ ነበር።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ባለፈው ዓመት ግን አንድ ወጣት ባልደረባዬ ኮዱን አይቶ ሳቀብኝ። ሴል በሴል እየነካካሁ ነበር የማሰላው፤ ሠንጠረዡን በአንድ ጊዜ ወደ ማኅደረ ትውስታ አንሥቶ፣ እዚያው አስልቶ፣ በአንድ ጊዜ መመለስ እንደሚቻል አሳየኝ። ከሰዓት በኋላ ተቀምጬ ለወጥኩት። ስድስት ደቂቃው ግማሽ ደቂቃ እንኳን አልሞላም። ስሞቹ እንደ ብልጭታ ያልፋሉ፤ ጥበቃ ከትራንስፖርት አይለይም።

ሴትዮዋ አልተደሰቱም። «ምኑን ሠራው?» አሉ። «ስማቸውን ማንበብ አቃተኝ።»

ሆን ብዬ በየስሙ ላይ ላዘግየው አሰብኩ፤ አንድ መስመር ኮድ ነው። ግን ያ ደግሞ ቡናው ከተፈላ በኋላ ምጣድ ይዞ መዞር ይሆንብኛል። ትቼ፣ ሥራው ሲያልቅ አንድ ገጽ ዝርዝር እንዲያወጣ አደረግኩት፦ የክፍሉ ስም፣ የሰው ብዛት፣ ጠቅላላ ድምር፣ ፋይሉ የተቀመጠበት ሰዓት። ሃያ ሁለት ክፍል፤ የታጠፈው ወጥቷል።

አሁን በየወሩ ያትሙታል። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ያወርዱና በቀይ እስክሪብቶ ከላይ ወደ ታች፣ በእያንዳንዱ ስም አጠገብ ምልክት እያደረጉ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይወርዳሉ። ባለፈው አጠገባቸው ተቀምጬ ሰዓቴን አየሁ። ስድስት ደቂቃ ፈጀባቸው።